የተሳቢ ካሜራ

የተሳቢ ካሜራ በጭነት መኪና ተሳቢ ኋላ ወይም ጎን ላይ ተገጥሞ፣ ሾፌሩ በስፖኪዮ የማያየውን ቦታ ጋቢና ውስጥ ባለ ስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ብዙውን ጊዜ ተሳቢው ከተሠራ በኋላ የሚጨመር በመሆኑ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ለመብራት ከተዘረጋው ሽቦ ነው፤ አብዛኛው ብልሽትም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

በኢትዮጵያ ከነተሳቢው ወደ ኋላ የሚሄድ መኪና በተለምዶ የሚመራው ወርዶ ከኋላ በሚቆም ረዳት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ግን ደብረ ሲና ከመድረሱ በፊት፣ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) በተሠራው የጣርማ በር ዋሻ ያልፋል፤ አካባቢው ጉም የሚበዛበት ስለሆነ ረዳቱ ራሱ ላይታይ ይችላል። ካሜራም ጉምን ሰንጥቆ አያይም። ጥቅሙ ከተሳቢው ጀርባ ያሉትን ጥቂት ሜትሮች ማሳየቱ ነው።

የኃይል ምንጭ

ከባድ መኪና በ24 ቮልት ይሠራል፤ ሞተሩ ሲነሳ ወደ 28 ቮልት ይጠጋል። ስለዚህ ለቤት መኪና የተሠራ ባለ 12 ቮልት ካሜራ በቀጥታ ቢገናኝ ይቃጠላል።

በመኪናውና በተሳቢው መካከል ያለው የተለመደው ባለ 7 እግር ሶኬት (አይኤስኦ 1185) የኋላ ማርሽ መብራትም ሆነ ቋሚ ኃይል የለውም። እነዚህ የሚገኙት በሁለተኛው ባለ 7 እግር ሶኬት (አይኤስኦ 3731) በ3ኛውና በ4ኛው እግር፣ ወይም ባለ 15 እግሩ (አይኤስኦ 12098) በ8ኛውና በ9ኛው እግር ነው። ከኋላ ማርሽ መብራት የተወሰደ ካሜራ የሚበራው ማርሹ ሲገባ ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ እንዲታይ ከተፈለገ ቋሚው መስመር ከአነስተኛ ፊውዝ ጋር ያስፈልጋል። ከኤቢኤስ ፍሬን ሶኬት (አይኤስኦ 7638) ግን ፈጽሞ መቀጠል የለበትም፤ እዚያ የሚፈጠር ሾርት የፍሬኑን መቆጣጠሪያ ኃይል ሊያሳጣው ይችላል።

ግራውንድ

ብዙዎች የካሜራውን ኔጌቲቭ ሽቦ በአቅራቢያ ካለ የሻንሲ ቡሎን ጋር ያስሩታል። ካሜራው ይበራል፤ ጉዳዩ ግን በዚህ አያበቃም። የአናሎግ ቪዲዮ ሲግናል በጠቅላላው 1 ቮልት ገደማ ነው። እያንዳንዳቸው 21 ዋት የሆኑ ሁለት የፍሬን አምፖሎች ከ24 ቮልት 1.75 አምፔር ይወስዳሉ። የሶኬቱ ግራውንድ እግር ዝጎ 0.3 ኦም ቢጨምር፣ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር በተሳቢውና በጋቢናው ግራውንድ መካከል ከግማሽ ቮልት በላይ ልዩነት ይፈጠራል። የጅረቱ ከፊልም በቪዲዮ ገመዱ ሽፋን በኩል መመለሻ ያገኛል። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ከፍሬቻው ጋር አብሮ ብልጭ የሚል መስመር ወይም የሚዘል ምስል ነው፤ ካሜራው ተበላሽቷል ተብሎ የሚለወጠውም ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሳ ነው። መፍትሔው የካሜራውን ኔጌቲቭ በራሱ ሽቦ እስከ ስክሪኑ ግራውንድ ድረስ መመለስ ነው።

ገመድ አልባ ካሜራ የቪዲዮ ገመዱን ያስቀራል፤ ኃይል ግን አሁንም ከተሳቢው ይፈልጋል። ብዙዎቹ በ2.4 ጊጋኸርዝ ስለሚሠሩም የብረት ሳጥን ያለው ረጅም ተሳቢ ሲግናላቸውን ያዳክመዋል።