ኮፓ፡ ከመኪና ሆድ ሥር የቀረ ታሪክ

ኳስ የምትከታተሉ ሁሉ "ኮፓ ኢታሊያ" ምን እንደሆነ አይጠፋችሁም፤ የጣሊያን ዋንጫ ነው፡፡ ጉለሌ ውስጥ ለአንድ መካኒክ "ኮፓ" ብትሉት ግን ዋንጫ አይታየውም፡፡ ጎንበስ ብሎ የመኪናችሁን ሆድ ነው የሚያየው፡፡ ከሞተሩ ሥር በቡሎን የታሰረውና ዘይቱ የሚጠራቀምበት ገንዳ ኮፓ ይባላላ! ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ገንዳ ነው፡፡ ታሪክ ሁልጊዜ ከቤተ መንግሥት መጀመር የለበትም፡፡

መኪና ግን ወደ አዲስ አበባ የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው፡፡ በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዞ መጣ፡፡ የጋራዡ ቋንቋ ግን በሌላ በር ነው የመጣው፡፡ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ከደሴ ተነስቶ በካሚዮን ሰልፍ አዲስ አበባ ገባ፡፡ ካሚዮን ባለበት ጋራዥ አለ፤ ጋራዥ ባለበትም "ያንን አቀብለኝ" የሚባል ልጅ አይጠፋም፡፡

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጣ፤ ቃላቱ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀሩ፡፡ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ… ለማጁ ከደብተር ሳይሆን ከሰው አፍ ነበርና የተማራቸው ለምላሱ እንዲመቹ አድርጎ ገራቸው፡፡ "ካቻቪቴ" የነበረው "ካቻቢቴ" ሆነ፡፡ እኛ ይህንን ሽንፈት አንለውም፡፡ ጠላት ለወረራ ያመጣውን ዕውቀት ወርሶ እንጀራ መብያ ማድረግም አንድ ድል ነው፡፡

ኋላ ላዳ ስትመጣም ለመካኒኮቻችን ፍጹም ባዕድ አልነበረችም፡፡ የሶቪየቷ ላዳ የተወለደችው ከጣሊያኑ ፊያት 124 ነው፡፡ የተሠራችበት ከተማ እንኳ ስሙን ያገኘው ከጣሊያኑ ኮሚኒስት ከፓልሚሮ ቶግሊያቲ ነው፡፡

ጉለሌ ደግሞ ኮፓን የሚፈትን ሰፈር ነው፤ ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ድንጋይ፡፡ ኮፓ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ የድንጋዩን ምት ቀድሞ የሚቀበለው እሱ ነው፡፡ ሲሰነጠቅ ወይም ጓርኒሲዮኑ ሲያረጅ ዘይት ያንጠባጥባል፡፡ ዘይት ያጣ ሞተር ብረት ከብረት እየተፋጨ ያልቅለታል፡፡

በብዙ መኪኖች ላይ ጓርኒሲዮኑን ግቢ ውስጥ መቀየር ይቻላል (ኮፓውን ለማውጣት ሞተሩን ማንሳት የሚጠይቁትን ግን ለጋራዥ ተዉት)፡፡ መጀመሪያ ሜዳ ቦታ ፈልጉ፤ ጉለሌ ላይ ይሄ ራሱ ሥራ ነው፡፡ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አትግቡ፤ ጠንካራ ድጋፍ ይደረግለት፡፡ ዘይቱን ለብ ሲል አፍስሱት፡፡ ቡሎኖቹን ፈትታችሁ ኮፓውን አውርዱ፤ የአሮጌውን ጓርኒሲዮን ቅሪት ፋቁ፤ ፊቱን አድርቁ፤ ከዚያ አዲሱን ግጠሙ፡፡ ስታጠብቁ ከአንድ ጎን አትጀምሩ፤ ከመሀል ወደ ዳር፣ በሰያፍ፣ ጥቂት በጥቂት፡፡ "ጠበቅ ሲል ይሻላል" የሚል ጀግና ኮፓውን አጣምሞ እንደገና ያስፈስሰዋል፡፡

የወጣውን ዘይትስ? ቦይ ውስጥ እንዳትደፉት! ከእንጦጦ ሥር የሚወርዱት ቀጨኔና ቀበና መጨረሻቸው አቃቂ ነው፤ በዚያ ውሃ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል፡፡ ላይ የደፋነው ታች ሳህናችን ላይ ይጠብቀናል፡፡

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፡፡ የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት የለውም፤ ኮፓም፣ ካንዴላም የለውም፡፡ የነዳጆቹ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይኖራሉ፤ ቃላቱም አብረዋቸው፡፡ የሚያሳስበን የቃላቱ መሞት ብቻ አይደለም፡፡ ያኔ የጣሊያንን ካሚዮን በጆሮውና በእጁ የተማረው ለማጅ፣ ዛሬ የባትሪውን መኪና የሚያስተምረው ማን ነው? ጋራዥ በር ላይ ቁልፍ እያቀበለ ያለው ልጅ መልሱን ይፈልገዋል፡፡