ራጅ፣ ስብረትና ነጸብራቅ

ሕዝባችን «ራጅ ተነሣሁ» ሲል የኢጣልያንኛ ቃል ይናገራል። «ራጂ» በዚያ ቋንቋ ጨረሮች ማለት ነው፤ «ራጂ ኢክስ» ከሚለው ሐረግ ወደ አማርኛ የገባው የፊተኛው ቃል ብቻ ሲሆን፣ ፊደሉ በመንገድ ቀርቷል። ፊደሉን የሰጠው ቪልሄልም ሮንትገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በዉርዝቡርግ ከተማ ጨረሩን ባገኘ ጊዜ፣ ምንነቱ ገና ስላልተለየ፣ አጠራሩ እንዲያጥር «ኤክስ» አለው።

የጨረሩን አፈጣጠር መተርጐም አያስቸግርም። በከፍተኛ ቮልቴጅ የተወረወሩ ኤሌክትሮኖች ከብረት ጋር ተጋጭተው ፍጥነታቸው ሲገታ ጨረር ይወጣል፤ ጀርመኖችም «የፍሬን ጨረር» የሚል ትርጉም ያለው ስም አውጥተውለታል። አጥንት ካልሲየም ስላለበት ከሥጋ ይበልጥ ጨረሩን ያስቀራል፤ ለዚህም «መምጠጥ» የሚለው ቃል ይበቃል።

ችግሩ የሚመጣው ክሪስታል ላይ ሲደረስ ነው። «ሪፍራክሽን» እና «ዲፍራክሽን» ሁለቱም «ሰበረ» ከሚል አንድ የላቲን ግሥ የወጡ ናቸው። ተርጓሚው ሥራቸውን ተከትሎ ሁለቱንም «ስብረት» ቢላቸው ታሪኩ ይፋለሳል። ሮንትገን ጨረሩ በፕሪዝም ሲሰበር ለማየት ሞክሮ አላገኘም፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ግን በሙኒክ ከተማ ማክስ ፎን ላውኤ ባመነጨው ሐሳብ ፍሪድሪኽና ክኒፒንግ ጨረሩን በክሪስታል አሳልፈው በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ የነጠብጣቦች ሥርዓት አገኙ። ይህም ዲፍራክሽን ነው። በአንድ ቃል ብንጠቀም «አልተሰበረም» ያልነውን መልሰን «ተሰበረ» ልንል ነው።

ሎሬንስ ብራግ በበኩሉ ነገሩን ክሪስታሉ ውስጥ ካሉት የአቶም ንጣፎች እንደሚመጣ ነጸብራቅ አድርጎ አስረዳ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ቃሉ ግን ያሳስታል። መስተዋት በማናቸውም ማዕዘን ያንጸባርቃል፤ ክሪስታል ግን ከየንጣፉ የሚመለሱት ሞገዶች እርስ በርሳቸው በሚደጋገፉበት ማዕዘን ብቻ ይመልሳል። የገበታ ጨው ንጣፎች በ0.282 ናኖሜትር ይራራቃሉ፤ 0.154 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው የመዳብ ጨረር ከእነርሱ መጀመሪያ ጎልቶ የሚወጣው በ16 ዲግሪ ገደማ ነው።

ስለዚህ «ስብረት» ለሪፍራክሽን፣ «ነጸብራቅ» ለመስተዋት ተለይተው ቢቀመጡ፣ «ዲፍራክሽን» ደግሞ «ራጅ» እንደ ገባ ሁሉ ባለበት ቢገባና መዝገበ ቃላቱ «የተበተኑ ሞገዶች መደጋገፍና መጠፋፋት» ብሎ ቢፈታው የተሻለ ይመስለናል። የተዋሰ ቃል ከሚያሳስት የአገር ቃል ይመረጣልና።