የጅማ መንገድ ከየትኛው ጫፍ ይለካ? ከሲራራ ነጋዴ እስከ አስፋልት

አንድ የመጓጓዣ ሥርዓት ተግባሩን በሚገባ ፈጽሟል ወይም አልፈጸመም ከማለት በፊት መለኪያው ራሱ መመርመር ይኖርበታል። የመንገድ መሐንዲስ እንደ ሙያው ግዴታ የተሽከርካሪውን ብዛት፣ የጉዞውን ፍጥነት፣ የመንገዱን ገጽ ሁኔታና የጥገናውን ወጪ ይመዘግባል። እነዚህ ሁሉ አስፈላጊዎች ናቸው። ይሁን እንጂ መዝጋቢው የት ቦታ እንደቆመና የማንን ጉዞ እንደሚለካ ሳይጠየቅ ከቀረ፣ ትክክለኛ ቁጥር የተሳሳተ ፍርድ ሊያስከትል ይችላል። ይህን ለመረዳት የጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች ታሪክ ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የአጋሰሱ ዘመን

ጅማ ከመግነኗ በፊት የጊቤ አገሮች ታላቅ ገበያ በሊሙ እናርያ የምትገኘው ሳቃ ነበረች። ከዚያ የሚነሣው ሲራራ ጊቤንና ዓባይን ተሻግሮ፣ በጎጃም የባሶን ገበያ አልፎ ወደ ጎንደር፣ ቀጥሎም ወደ ምጽዋ ያመራ ነበር። ኋላም በ1870 ዓ.ም. ግድም በነገሡት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የንግዱ እምብርት ከጅረን ቤተ መንግሥት በታች ባለው ሜዳ ላይ ወደሚቆመው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ተዛወረ። አባ ጅፋር ለዳግማዊ ምኒልክ በሰላም ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ስለጠበቁ፣ አገራቸው ከጦርነት ጥፋት ድና ነጋዴን የምትስብ ሆነች።

በዚያ ዘመን መንገድ የሚመዘነው በሁለት ነገር ነበር፤ ይኸውም ነጋዴው በሰላም መድረሱና በየኬላው የሚከፍለው ቀረጥ ናቸው። የተጫነ አጋሰስ በቀን 20 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ከጅማ አዲስ አበባ ለመድረስ ከግማሽ ወር በላይ ይወስድበታል። ጊቤ ሲሞላ ደግሞ ውሃው እስኪጎድል መጠበቅ ግድ ነው። ሆኖም አጋሰስ አንድ ትልቅ ጠቀሜታ ነበረው። መጋቢ መንገድ ሳያስፈልገው ከገበሬው ደጃፍ ይጭናል። እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው፣ በዚያው መንገድ ከዝሆን ጥርስና ከዝባድ ጋር በባርነት የተያዙ ሰዎችም ይነዱ የነበረ መሆኑ ነው። መንገዱ ለነጋዴው መልካም አገልግሎት ሰጥቷል ብንል እንኳ፣ ለተነጂው ያው መንገድ የመከራ ጎዳና ነበር። ስለዚህ «ለማን?» የሚለው ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ከመንገዱ ጋር አብሮ የኖረ ነው።

ባቡር፣ ጀልባና የወቅቶች አለመገጣጠም

በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ የሚሆን ቦታ ተፈቀደ። ጋምቤላም የጎሬና የአካባቢው ቡና በእንፋሎት ጀልባ ተጭኖ በነጭ ዓባይ ወደ ካርቱም የሚሄድባት ወደብ ሆነች። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ የጅቡቲው የምድር ባቡር አዲስ አበባ ስለደረሰ የጅማ ቡና ፊቱን ይበልጥ ወደ ምሥራቅ አዞረ።

ስለ ጋምቤላ መሥመር አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ባሮ የእንፋሎት ጀልባ የሚያስኬደው በክረምት ሲሞላ ነው። ቡና የሚለቀመው ግን ባብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ሲሆን፣ አጋሰስ ከደጋው ወደ ቆላው ለመውረድ የሚመቸውም በበጋ ነው። እንግዲህ የየብሱ መንገድ ሲከፈት ወንዙ ይዘጋል፤ ወንዙ ሲከፈት የየብሱ መንገድ ይጨቀያል። በዓመቱ መጨረሻ የተጫነውን ኩንታል ብቻ የሚቆጥር ሰው፣ ቡናው በመጋዘን ስንት ወር እንደጠበቀና በዚያ ጥበቃ የማን ገንዘብ ታስሮ እንደቆየ አያውቅም።

አውራ ጎዳናው

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን የያዘው የኢጣሊያ ጦር ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት መቀመጫ አድርጎ የአዲስ አበባ–ጅማን የመኪና መንገድ ሠራ። የሂርማታ ገበያ ሜዳም አዲስ ከተማ በቀለበት። የመንገዱ ዓላማ ሠራዊትና ስንቅ ማመላለስ ስለነበረ የተመዘነውም በዚያ ነው። ከነጻነት በኋላ በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከመጀመሪያዎቹ የአገር ውስጥ መሥመሮቹ አንዱን ወደ ጅማ ማድረጉ፣ የከተማይቱን የንግድ ክብደትና የየብሱን ጉዞ አስቸጋሪነት በአንድነት ያሳያል።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ መንገዶች የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ፈቅዶ ነበር፤ ባንኩ ለአፍሪካ አገር ብድር ሲሰጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ወዲህ የሙያችን አሠራር መልክ ያዘ። የትራፊክ ቆጠራ፣ የተሽከርካሪ ማንቀሳቀሻ ወጪ፣ የጥቅምና የወጪ ንጽጽር የመንገድ ጥናት መሠረት ሆኑ። ውጤቱም የሚናቅ አይደለም። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው የጅማ–አዲስ አበባ ጉዞ ከሳምንታት ወደ አንድ ቀን፣ ኋላም ወደ ሰዓታት ወረደ።

የመንገዶቹ መረብ ግን የእጅ ጣቶችን የሚመስል ቅርጽ ያዘ። አንደኛው ወደ አዲስ አበባ፣ ሌላው በአጋሮ በኩል ወደ በደሌ፣ ሌላው በሸቤ በኩል ወደ ቦንጋ ይዘረጋል፤ መዳፉ ጅማ ነው። በጣቶቹ መካከል የሚኖረው ገበሬ ወደ ጎረቤቱ ወረዳ በመኪና ለመድረስ ብዙ ጊዜ ወደ መዳፉ ተመልሶ መዞር ነበረበት።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ኪሎ ሜትሮች

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እሸት ቡና ታጥቦ ጥሩ ጣዕም እንዲኖረው በተለቀመበት ዕለት ወደ ማጠቢያ ጣቢያ መድረስ አለበት። ካልደረሰ መብላላት ስለሚጀምር ጥራቱ ይወድቃል። መንገድ የራቀው ገበሬ ያለው አማራጭ ቡናውን በደጁ አድርቆ በጀንፈል መሸጥ ነው፤ በዚህም አብዛኛውን ጊዜ የታጠበ ቡና የሚያስገኘው የተሻለ ዋጋ ያመልጠዋል።

እስቲ ስሌቱን እንመልከት። አንድ ኪሎ የተጣራ ቡና ለማግኘት አምስት ወይም ስድስት ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። ዝቅተኛውን ብንወስድ፣ ከአጋሮ 100 ኩንታል የታጠበ ቡና ጭኖ የሚነሣ አንድ ካሚዮን ከኋላው 500 ኩንታል እሸት አለ ማለት ነው። አህያ በአንድ ጊዜ 50 ኪሎ ብትሸከምና ጣቢያው አምስት ኪሎ ሜትር ቢርቅ፣ ይህ 1,000 ምልልስ፣ ሸክም የያዘው ጉዞ ብቻ 5,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ካሚዮኑ አዲስ አበባ ለመድረስ የሚጓዘው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ ግን በመዝገባችን የምናሰፍረው የካሚዮኑን አንድ ጉዞ ነው፤ የአህያይቱ አንድ ሺህ ምልልስ የሚጻፍበት ዓምድ የለም።

ከዚህም የባሰው የቆጠራው አዙሪት ነው። ለአንድ መጋቢ መንገድ ጥናት ሲደረግ የትራፊኩ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ወጪውን አይመልስም ይባላል። ቁጥሩ ትንሽ የሆነው ግን መንገዱ ስለሌለ ነው። ያልመጣ መኪና አይቆጠርም፤ ጀንፈል ሆኖ በርካሽ የተሸጠው ቡናም ከመንገድ እጦት የመጣ ኪሳራ ተብሎ በማንም ሒሳብ አይገባም።

በ1990 በጀት ዓመት የተጀመረው የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራምና በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ቀበሌዎችን በመንገድ የማገናኘት ፕሮግራም ይህን ጉድለት ለማቃለል የታሰቡ ናቸው፤ በእውነትም ብዙ አቃለዋል። ይሁን እንጂ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚወርድበት በጅማ ቀይ አፈር ላይ፣ የጎርፍ መፋሰሻውና ጥገናው የተጓደለ የጠጠር መንገድ ዕድሜው አጭር ነው። በተመረቀበት ዓመት ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ ተብሎ የተመዘገበ መንገድ ጥቂት ክረምቶች ካለፉ በኋላ በጋ ብቻ የሚያስኬድ ሊሆን ይችላል፤ መዝገቡ ግን የሚታረመው ዘግይቶ ነው።

ለወደፊቱ ግምገማ

ከዚህ ታሪክ በመነሣት ለጅማ አካባቢ አራት መለኪያዎች ከነባሮቹ ጎን እንዲቆሙ ሐሳብ አቀርባለሁ።

1ኛ/ ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ በ2 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ የሚኖረው የገጠር ሕዝብ ድርሻ፤ ይህ የዓለም ባንክም ለገጠር መዳረሻ የሚጠቀምበት መለኪያ ነው።

2ኛ/ በጠዋት ከተለቀመው እሸት ቡና በዕለቱ ማጠቢያ ጣቢያ የሚደርሰው መጠን።

3ኛ/ እያንዳንዱ መንገድ በዓመት ውስጥ ተዘግቶ የሚቆይበት የቀናት ብዛት፣ በተለይም ከመኸሩ ወራት አንጻር።

4ኛ/ ከአንድ የቡና ከተማ ወደ ሌላው በጅማ ሳይዞሩ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ።

አራቱንም ለመሰብሰብ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የማጠቢያ ጣቢያ መዝገብ ያዥና የወረዳው የመንገድ ጽሕፈት ቤት ተባብረው ሊሠሩት ይችላሉ። የሙያ ባልደረቦቼ ለሚቀጥለው ጥናት ሲሰማሩ የቆጠራ ጣቢያቸውን በጅማ መውጫ ኬላ ላይ ብቻ እንዳይተክሉ፣ በመኸር ወራት አንዱን በማጠቢያ ጣቢያው በር ላይ እንዲያቆሙ አሳስባለሁ። ሸክሙን ይዞ የሚመጣውን ሰው ከስንት ሰዓት መንገድ እንደመጣ ጠይቀው ቢመዘግቡ፣ የጅማ መጓጓዣ ሥርዓት ምን ያህል እንደሠራና ምን ያህል እንደቀረው ከዚያ መዝገብ ይረዱታል።