ቆጋ፦ በበጋ የሚያጠጣው የክረምት ውሃ

ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ ቡሬንና ዳንግላን አልፎ ወደ ባህር ዳር የሚሄድ መንገደኛ፣ ወሩ የካቲት ከሆነ፣ ብዙውን መንገድ የሚያየው አዝመራው የተነሳበት ደረቅ ማሳ ነው። መራዊ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ስንዴው ገና እሸት ነው፤ ድንቹ ይኮተኮታል፤ ሽንኩርት በጆንያ ታስሮ መኪና ይጠብቃል። ይህን ያመጣው የቆጋ ግድብ ነው።

ቆጋ የግልገል አባይ ገባር ነው። ዱሮ ክረምት የሞላው ውሃ ወደ ጣና ይነጉዳል፤ በበጋ ገበሬው የቀረችውን ጠልፎ ጥቂት ማሳ ያጠጣል። ተራ የሚያካፍለው፣ ጠብ ሲነሳ የሚዳኘው «የውሃ አባት» ነበር።

ወንዙን በአፈር ግድብ የማቆሙ ሥራ በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብና በቻይና ተቋራጭ ተካሄደ። ግድቡ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዛል፤ የታቀደው 7,000 ሄክታር ለማልማት ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ከግዙፉ ግድብ ይልቅ ትንንሾቹ ኩሬዎች ናቸው። ዋናው ቦይ ሌት ተቀን ይፈሳል፤ ገበሬ ደግሞ በጨለማ አያጠጣም። ስለዚህ የሌሊቱ ውሃ በየኩሬው ያድርና ሲነጋ ይለቀቃል። ባለሙያዎቹ «ናይት ስቶሬጅ» ይሉታል።

ውሃው የተኛበት ሜዳ ግን ባዶ አልነበረም። ቤትም እርሻም ነበረበት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የጋራ ግጦሽ ነበር። ለቤትና ለማሳ ካሳ ይተመናል። የመንደር ከብት ሁሉ የሚውልበትን ሜዳ ግን በማን ስም ትተምነዋለህ? በኔ ግምት የቆጋን ትልቁን ዋጋ የከፈለው ከብት አርቢው ነው።

ያተረፈም አለ። ግድቡ በፈጠረው ሐይቅ ላይ ቀረሶና አምባዛ ይጠመዳል፤ ከመስኖው የተለቀመ አቮካዶም በጅቡቲ በኩል አውሮፓ ደርሷል። በቦዩ ጫፍ ያለው ገበሬ ግን ከላይኛው እኩል አይደርሰውም፤ ስለዚህ የውሃ አባት የዳኘው የተራ ክርክር ዛሬም አልቀረም። ከተራሮቹ የሚወርደው ደለልም በየክረምቱ ከሐይቁ ቦታ ይሻማል።

በበጋ በመራዊ በኩል ካለፋችሁ ማለዳ ይሁን፤ ሲያድር የተጠራቀመው ውሃ ወደ ማሳ ሲለቀቅ ታያላችሁ።