ናፍጣ ሲያልቅ የሚገባው አየር፦ የአንድ ችግር አጭር ታሪክ

ናፍጣ ያለቀበት ትራክተር ታንኩ ከተሞላ በኋላም ለምን እንቢ እንደሚል፣ ችግሩ ከየት እንደመጣ ጥቂት ለማለት እወዳለሁ።

ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል በስሙ የሚጠራውን ሞተር አውግስቡርግ ከተማ ውስጥ በተሳካ ሁኔታ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1897 ነበር። ሞተሩ ካንዴላ የለውም፤ አየሩ በኃይል ሲታመቅ ይግልና ነዳጁን ያቀጣጥላል። የሚገርመው፣ በዚያን ጊዜ ነዳጁን ወደ ሲሊንደር የሚነፋውም የታመቀ አየር ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው መጭመቂያ ከባድ ስለሆነ ሞተሩ ለተሽከርካሪ አልተመቸም። እ.ኤ.አ. በ1927 የቦሽ ኩባንያ የናፍጣ መርጫ ፓምፕ በብዛት ማምረት ሲጀምር ነገሩ ተለወጠ። ፓምፑ ናፍጣውን ብቻውን በከፍተኛ ግፊት ይረጫል። ሞተሩ ቀለለ፣ ለትራክተርም በቃ። ቀድሞ አገልጋይ የነበረው አየር ግን ከዚያ ወዲህ ጠላት ሆነ።

ምክንያቱም ናፍጣ ሲጫኑት አይታመቅም ማለት ይቻላል፤ አየር ግን ይታመቃል። ታንኩ ሲደርቅ ፓምፑ አየር ይስባል። ኖዝሉ እንዲከፈት በብዙ የድሮ ትራክተሮች ከ170 ባር በላይ ግፊት ያስፈልጋል፤ በመሐል አየር ካለ ግፊቱ እዚያ አይደርስም። በእጅ የሚገፋው ትንሽ ፓምፕና የአየር ማስወጫ ብሎኖቹ የተሠሩት ለዚሁ ነው። በናዝሬት ትራክተር ፋብሪካ ይገጣጠሙ የነበሩት ቤላሩሶችም ይህች የእጅ ፓምፕ አለቻቸው።

እኔ በኮሌጅ ይህን ተምሬ በፈተናም መልሼዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ክረምት ግን ትራክተሩ ማሳ መሐል ናፍጣ ጨርሶ ሲቆም፣ ጀሪካን አስመጥቼ ካስሞላሁ በኋላ ሾፌሩን «ሞተሪኖውን ምታው» አልኩት። ባትሪው እስኪሞት ድረስ መታው። (ጥፋቱ የሾፌሩ አልነበረም፤ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።) ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ጣለ።

በማግስቱ የመጡት አዛውንት መካኒክ መጀመሪያ የፊልትሮውን ብሎን አላሉ። የእጅ ፓምፑን እየገፉ አረፋው እስኪያልቅ ጠበቁ፤ ናፍጣው ያለ አረፋ ሲፈስ፣ ሳይቆም፣ ብሎኑን አጠበቁ። ቀጥሎ በመርጫ ፓምፑ ላይ ያለውን እንዲሁ አደረጉ። የኖዝል ቱቦዎቹን አልነኩም፤ «እምቢ ካለ ብቻ ነው» አሉኝ። ሌላ ባትሪ ተገጥሞ ሲነሳ ሃያ ደቂቃ አልሞላም።

ማሳው ግን ረግቶ ነበር። ተራቸው የነበረው እናት መሬታቸው የታረሰው ከአራት ቀን በኋላ ነው።