በሐረር የአትክልት ቦታ የዘር መለዋወጥ ታሪክ

የሐረርን ታሪክ የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሱት ግንቡን፣ አሚሮቹንና ንግዱን ነው። ከግንቡ ውጭ ስላለው የአትክልት ቦታና በዚያ ስለሚዘራው ዘር የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ከተማዪቱን ለብዙ ዘመን የመገበው ይኸው ቦታ ስለ ሆነ፣ በዚህ አጭር ጽሑፍ አንድ ጥያቄ እናነሣለን። የሐረር አትክልተኛ ዘሩን ለልጅ ልጅ ያቆየው በመዝጋት ነውን ወይስ በመስጠት? ዘመኑን ሁሉ የምንቆጥረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጀጎል የተባለው ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን ተሠራ። ሐረሪው በግንቡ ውስጥ እያደረ፣ ቀን ቀን በአምስቱ በሮች እየወጣ እርሻውን ይጎበኝ ነበር፤ በዙሪያው ያሉት የኦሮሞ ገበሬዎችም ምርታቸውን በእነዚሁ በሮች ያስገቡ ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ከቆየ በኋላ፣ በ1856 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የቡናን ተክል የመንከባከብ ልማድ እንዳይጠፋ ሲባል የከተማው ሰዎች ወደ ሌላ አገር እንዳይሄዱ ተከልክለው እንደ ነበር ይናገራል። ይህ ቃል ልብ ሊባል ይገባዋል። የቡናው ፍሬ በግመል ተጭኖ ወደ ዘይላ ወደብ ይወርድ ነበር፤ እንዳይወጣ የተፈራው ግን የአትክልተኛው እጅና ዕውቀት ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመንም ቢሆን ዘር ያለ ባለሙያው ምንም እንዳይደለ የታወቀ ነበር ማለት ነው።

ሐረር ግንብ ቢኖራትም ለዘር ግን ዝግ ከተማ አልነበረችም። ለዚህ የመጀመሪያው ምስክር በአትክልት ቦታዋ የሚበቅለው ራሱ ነው። በርበሬ፣ በቆሎ፣ ዱባ፣ ድንች፣ ዘይቱንና ጊሽጣ የትውልድ አገራቸው አሜሪካ ነው፤ ስለዚህ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ፍጻሜ በፊት ወደ እኛ ሊደርሱ አይችሉም ነበር። ሁለተኛው ምስክር ስማቸው ነው። ጊሽጣ የሚለው ስም የመጣው፣ በዐረብኛ የወተት ስልባቦት ማለት ከሆነው ቂሽጣ ከሚለው ቃል ነው፤ ፍሬው ውስጡ ነጭና ለስላሳ ስለ ሆነ ነው። ዘይቱንም በዐረብኛ ወይራ ማለት ሲሆን በእኛ ቋንቋ የሌላ ፍሬ ስም ሆኖ ቀርቷል። ስሞቹ የሚያሳዩት እነዚህ ተክሎች ዐረብኛ ከሚናገሩ ሰዎች ጋር በተደረገ ግንኙነት እንደ ታወቁ ነው። ወደቡን ከሐረር ያገናኘው የነጋዴ መንገድ ቡናና ጨርቅ ብቻ ሳይሆን ዘርም የሚሄድበት መንገድ እንደ ነበረ ለመገመት አያስቸግርም።

አሁን ደግሞ ዘሩ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበትን መንገድ እንመልከት። ተክሉ ሁሉ በአንድ ዓይነት አይሰጥም። ጫትና ሸንኮራ አገዳ በቁራጭ ወይም በቅጥያ ይተከላሉ፤ ሙዝ ከእናቲቱ ሥር በሚወጣው ቡቃያ፤ ድንችም በራሱ በድንቹ ይራባል። የቡና ችግኝ ከዛፉ ሥር ወድቆ ከበቀለው ይነቀላል። ማሽላና ዱባ ግን በዘር ናቸው፤ ስለዚህ ብዙ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በሐረርጌ ገበሬ ለምግብ የሚሆነውን ማሽላ በጉድጓድ ያስቀምጣል። ለዘር የሚሆነውን ግን ከጉድጓዱ ሙቀትና እርጥበት ለማዳን፣ ገና በማሳው ሳለ መልካሙን ራስ መርጦ ለብቻው ቤት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም ጢስ በሚያገኘው ጣሪያ ሥር ይሰቅለዋል።

ጥቂት ዘር ለጎረቤትና ለዘመድ በነጻ ይሰጣል፤ በዛ ያለው በእህል ይለወጣል ወይም በገንዘብ ይሸጣል። በኤረር በር ገበያ ዘር የሚሸጡትን እናቶች ስንጠይቅ፣ ዋጋ ከመናገራቸው በፊት የጠየቁን፣ «የት ልትዘሩት ነው? ደጋ ነው ቆላ?» ብለው ነበር። በእኛ አስተያየት የጉዳዩ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ከሚያውቁት ሰው የተገኘ ዘር ታሪኩን ይዞ ይመጣል፤ መቼ እንደሚደርስ፣ ድርቅ ይችል እንደ ሆነ ሰጪው ይናገራል። ከማይታወቅ ነጋዴ የተሸመተ እህል ግን አፍ የለውም።

ይህ ሰንሰለት በዘመናችን ሁለት ጊዜ ተነክቷል። በ1975 የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን ሐረሪው ከግንቡ ውጭ የነበረውን መሬቱን አጣ፤ እርሻውም ለሚያርሰው ገበሬ ሆነ። አዋጁ ለጭሰኛው ትልቅ ነጻነት ነበር። ዳሩ ግን በባለርስቱና በአራሹ መካከል የነበረው የዕውቀት ግንኙነትም አብሮ ላልቷል። ሁለተኛው የጫት መስፋፋት ነው። ጫት ገንዘብ ያመጣልና ገበሬውን የሚወቅሰው የለም። ነገር ግን ቡናና የጓሮ አትክልት ተነቅሎ ጫት በተተከለ ቁጥር፣ ዘር ሰጪ የነበረ አንድ ጓሮ ዘር ጠያቂ ይሆናል።

መንግሥት በ1976 በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘር ማከማቻ ማእከል አቋቁሟል፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል። ማእከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ብቻ ሳይሆን በገበሬው እጅም መጠበቅ አለበት የሚለውን ሐሳብ በሥራ አሳይተው፣ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተዋል። የሐረርም ታሪክ ይህንኑ ያጸናል። ቀዝቃዛው ክፍል ፍሬውን ያቆያል፤ «የት ልትዘሩት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ግን ሊያቆይ አይችልም።

ስለዚህ ከላይ ላነሣነው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው፤ ሐረር ዘሯን ያቆየችው በመስጠት ነው። ዘሩን ለጎረቤቱ የሰጠ ሰው በክፉ ዓመት የራሱ ቢጠፋበት የት ሄዶ እንደሚጠይቅ ያውቃል። ስለ ግንቡ ብዙ ተጽፏል፤ የየመንደሩን የዘር ስም፣ ጠባዩንና የሰጪውን ምክር ከሽማግሌዎችና ከእናቶች አፍ መጻፍ ግን ገና የሚቀር ሥራ ነው፤ የሚያውቁት ሳያልፉም ሊጀመር ይገባል።