የረሃቡ ክረምትና የማሕፀን ምስክርነት

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ክረምት ነው፤ ያ ክረምት ገና ባልተወለዱ ልጆች አእምሮ ላይ ጠባሳ ትቶ እንደሆነ ስለ መረመሩ ሰዎችም ነው።

በመስከረም 1944 እ.ኤ.አ. በለንደን በስደት የነበረው የኔዘርላንድ መንግሥት የተባበሩትን ጦር ለማገዝ ሲል የባቡር ሠራተኞች ሥራ እንዲያቆሙ ጥሪ አደረገ። የጀርመን ወራሪ ኃይል በአጸፋው ወደ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ምግብ እንዳይገባ አገደ። እገዳው በከፊል ሲላላ ደግሞ የውኃ መጓጓዣ ቦዮቹ በበረዶ ተዘጉ። በአምስተርዳም የአንድ ሰው የቀን ቀለብ ከ1000 ካሎሪ በታች ወረደ፤ ሕዝቡ የቱሊፕ አበባ ሥር እስከ መብላት ደረሰ። ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ። በግንቦት 1945 አገሪቱ ነጻ ስትወጣ ረሃቡም አበቃ።

ረሃቡ የገባበትና የወጣበት ጊዜ በውል በመታወቁ፣ እያንዳንዱ ልጅ በስንተኛው የእርግዝና ወር እንደተራበ ማስላት ተቻለ። ዜና ስታይን፣ መርቪን ሱሰርና ባልደረቦቻቸው ለውትድርና ምርመራ የቀረቡ 125,000 ያህል የ19 ዓመት ወንዶችን መዝገብ አገላበጡ። በ1972 የታተመው ውጤት ብዙዎችን አስገረመ፤ በማሕፀን ሳሉ የተራቡት በአእምሮ ፈተናው ከሌሎቹ አላነሱም ነበር።

እኔ ይህን ውጤት አምናለሁ፤ ነገር ግን ከተናገረው በላይ አላናግረውም። መዝገቡ የያዘው በሕይወት ተርፈው ለምርመራ የበቁ ወንዶችን ብቻ ነው፤ በሕፃንነታቸው የሞቱት አልተፈተኑም፣ ሴቶቹም አልተጠየቁም። ደግሞም 19 ዓመት የሕይወት ፍጻሜ አይደለም። በ2010 የታተመ ጥናት የዚያው ዘመን ልጆችን ወደ 60 ዓመት ሲጠጉ መረመረ። በእርግዝና መጀመሪያ የተራቡት በአጠቃላይ የአእምሮ ችሎታና በትውስታ ከሌሎቹ ባይለዩም፣ ትኩረትን በሚለካ ፈተና ዝቅ ብለው ተገኙ።

እንግዲህ «በማሕፀን የተራበ ልጅ ዕጣው አለቀ» የሚልም፣ «ምንም አልሆነም» የሚልም ከዚህ ታሪክ ድጋፍ አያገኝም። ከሁሉ በላይ የማይዘነጋው፣ እነዚያን ልጆች ከረሃቡ በኋላ የተሞላ ማዕድ ጠብቋቸው እንደነበር ነው። የእኛን አገር ጨምሮ፣ ረሃብ ልጁን ከማሕፀን ጡት እስኪጥል በሚከተልበት ስፍራ የ1972ቱን ውጤት መጽናኛ ማድረግ ታሪክን ያለ ቦታው መጥቀስ ነው።